አይሪስ ሃምብሊን ተራ የነጠቀችበት ቀን

አይሪስ ሃምብሊን የዚያን ቀን ንዴቷን የጀመረችው በወንበር ነው። ወንበሩ እሷ ዘንድ አልነበረም፤ እሷ ዘንድ እንዲያ ያለ ወንበር የሚያስገባ በርም የለም። ታች ከተማው ውስጥ፣ ልጇ ሎሬይን ሳሎን ነው የተጎለተው፤ ቁልፉን ሲጫኑት እግር ከፍ የሚያደርግ፣ ወገብ ወደ ኋላ የሚያስተኛ፣ ቡናማ ግዙፍ ወንበር። ሎሬይን ለአባቷ ብላ ገዛችው። ሰው ለጥቂት ሳምንት እንግዳ ብሎ እንዲህ ያለ ወንበር አይገዛም። አይሪስ ይህን ለመረዳት የማንም ማብራሪያ አላስፈለጋትም፤ በዋዜማው ማታ መምጣቷን ልታስታውቅ ደውላ፣ መንገድ ዳር ካለው ስልክ ቤት ውስጥ ቆማ ወሬውን ከልጇ አፍ እንደሰማች መነጋገሪያውን ጠርቅማ ዘጋችው።

ባሏ ሬጅ ቦይ ላይ፣ ቤትም መጓጓዣም በሆነ ቀጭን ጀልባ ተወልዶ እዚያው ያረጀ ሰው ነው። መስከረም ውስጥ፣ ዕድሜ ልኩን ሲሻገርበት በኖረ እርጥብ የውሃ በር ላይ አዳለጠውና ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ብረት አስገቡለት፤ ከዚያ ሎሬይን ወደ ቤቷ ወሰደችው። አይሪስ ደግሞ ከኮረብታው ማዶ ሞተሩ የተበላሸ ጀልባዋን ታቅፋ ቀረች። የሞተሩ ዕቃ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ጥቅምት ተገባደደ።

«በወሩ መጨረሻ ደረጃዎቹ ይዘጋሉ» ብላት ነበር ሎሬይን። «ከመዘጋታቸው በፊት ጀልባውን ከተማው ወደብ ካመጣሽው፣ እሺ፣ አባ ይመለስ። እዚያ መንገድ አለ፣ የቧንቧ ውሃ አለ፣ ነርሷም ትመጣለች። ካላመጣሽው ግን እስከ ጸደይ እኔ ጋ ነው።»

ደረጃዎቹ የሚሏቸው ቦዩ ኮረብታውን የሚወርድባቸው ስድስት የድንጋይ ጉድጓዶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከላይም ከታችም በር አላቸው፤ ጀልባ ገብቶ በሩ ሲዘጋ ውሃው ይለቀቅና ጀልባው ከነጓዙ ዝቅ ይላል። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ለጥገና ይዘጋሉ። የዘንድሮው መዝጊያ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሞተሩ ዕቃ የደረሰው ትናንት ማታ ነው።

እስከ ጸደይ ማለት እስከ መቼ እንደሆነ ለአይሪስ አልጠፋትም። ሰባውን የዘለለ ሰው የብርዱን ወራት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተኝቶ ከከረመ፣ የጀልባ ጠርዝ ተሻግሮ አይገባም። ሎሬይንም ታውቃለች። አይሪስን ያንጨረጨራት ይሄ ነው፤ ልጅቷ ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር። ክፉ አይደለችም። ለአባቷ ሾርባ ትሠራለች፣ እግሩን ታሽለታለች፣ እንዲህ እያለች ቀስ በቀስ ትወስደዋለች።

አይሪስ ራሷ ቤት ውስጥ ያደገች እንጂ የጀልባ ልጅ አልነበረችም። ሸክላ ከሚሠራበት ከተማ ተወልዳ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ የሻይ ሲኒ እጀታ በወርቅ ቀለም ትቀባ ነበር። በሃያ ዓመቷ ለፋብሪካው ጭቃ ጭኖ የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ «ቀለም አፍንጫሽ ላይ አለ» አላት፤ ሬጅ ነበር፤ አብራው ሄደች። እናቷ ጀልባ ላይ ለሚኖር ሰው ልጅ አልድርም ብላ ሁለት ዓመት አላናገረቻትም። ማርጆሪ የምትባለው ጀልባቸው፣ በሬጅ እናት ስም የተሰየመችው፣ ውስጧ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይተላለፍባት ናት። ስለዚህ ተጣልተው እንኳ ተቃቅፈው ነበር የሚተላለፉት። ሎሬይንን እዚያው ወልደው እዚያው አሳደጉ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ናፍጣ ናፍጣ ትሸቻለሽ እያሉ አፍንጫቸውን ሲይዙባት አደገች፤ አሥራ ስድስት ሲሞላት ገንዳ ያለው መታጠቢያ ቤት ይኖረኛል ብላ ምላ ወረደች። አይሪስ ያቺን የመታጠቢያ ገንዳ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም።

ለጉዞው የሚረዳት የሬጅ ታናሽ ወንድም ክላይቭ ነበር። አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ችኮላ የሚባል ነገር ከጡረታው ጋር የተወ ሰው ነው። ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ፣ ቀሪውን በእግሩ መጥቶ፣ የአሳማ ሥጋ የገባበት ሳንድዊች በወረቀት ጠቅልሎ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ ጀልባዋ ላይ ቆመ።

«ሻይ ልጣድ?» አላት።

«ታች ስንደርስ ትጠጣለህ።»

«ታች እኮ ከሰዓት በኋላ ነው የምንደርሰው።»

«እንግዲያው ከሰዓት በኋላ ትጠጣለህ።»

ክላይቭ ትከሻውን ነቅንቆ ገመዱን ፈታ። አይሪስ መሪውን ያዘች። ቀጭን ጀልባ ከሚራመድ ሰው አይፈጥንም፤ ላፍጥን ቢሉ ማዕበሉ ዳሩን ይንደዋል፣ የታሰረ ጀልባም ሁሉ ገመዱን እየጎተተ ይሳደባል። ለተናደደ ሰው ከዚህ የከፋ መጓጓዣ አልተፈጠረም። አይሪስ ጠዋቱን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ፣ ከጎኗ የምትራመድ ውሻ የያዘች ሴትዮ ቀድማት ስትሄድ እያየች ነዳች።

እኩለ ቀን ገደማ ዋሻው አፍ ደረሱ። ዋሻው ከኮረብታው ሥር አንድ ማይል ተኩል ይሄዳል፤ ሁለት ጀልባ ይተላለፍበታል፣ ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳቸውን ከያዙ። አይሪስ የፊቱን መብራት አብርታ ገባች። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ የሚወድቅበትን የሚያውቅ ይመስል አንገቷ ሥር ይገባል። መሀል ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው ሌላ መብራት ታየ፤ የማይንቀሳቀስ፣ ደግሞም መንገዱን በአግድም የዘጋ።

የኪራይ ጀልባ ነበር። አምስት ጎልማሶች የመርከብ አለቃ ኮፍያ ደፍተው ሞተሩን አጥፍተው ቆመዋል።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለች አይሪስ። ድምጿ ግድግዳውን እየመታ ሄዶ ተመለሰ።

«ፎቶ እያነሳን ነው» አለ አንዱ።

«የምኑን? የጨለማውን?»

«አይዞሽ እማማ፣ እኛ ዕረፍት ላይ ነን።»

«እኔ ዕረፍት ላይ አይደለሁም። እናታችሁም አይደለሁም። ብሆን ኖሮ ዋና ሳላስተምር ነበር የምለቃችሁ።»

ሳቁ። ሞተሩን ሊያስነሱ ቢሞክሩ እምቢ አለ፤ ጭራው አንዱን ግድግዳ፣ አፍንጫው ሌላውን ነክሷል። አንዱ ቀዘፈ፣ ሌላው በተቃራኒው ቀዘፈ። በመጨረሻ አይሪስ ረጅሙን እንጨት ይዛ ጀልባቸውን እንደ እምቢተኛ በሬ ጎኑን እየገፋች አቃናችላቸው። ክላይቭ ሲያልፉ ኮፍያውን አንስቶ «መልካም ዕረፍት ልጆች» አላቸው።

«ምርቃት ጨምርላቸው እንጂ» አለች አይሪስ።

«ልጆች ናቸው።»

«መላጣ ልጆች የት አይተህ ታውቃለህ?»

ከዋሻው ሲወጡ ፀሐይዋ አጋድላለች። ዘጠኝ ሊሆን የቀረው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ከፊታቸው ስድስቱ ደረጃዎች አሉ። ክላይቭ መዘውሩን ይዞ ወረደ። መዘውር የውሃ መልቀቂያውን የሚከፍቱበት ቆልማማ ብረት ነው፤ ቦይ ላይ የሚኖር ሰው ያለ እሱ ከቤት አይወጣም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ምንም እንከን አልነበራቸውም፤ ክላይቭ እንኳ እሷን ፈርቶ ፈጠን ፈጠን አለ። በየደረጃው መካከል ያሉት ኩሬዎች ግን ጎድለዋል። ከግንቦት ጀምሮ ወግ ያለው ዝናብ አልጣለም፤ ዳር ዳሩ ጥቁር ጭቃ አውጥቶ የብስክሌት ጎማ ይታያል። አይሪስ አየችው። ልብ አላለችውም ማለት አይቻልም፤ ሬጅ ቢኖር ውሃ አታባክኚ እንደሚላት ታውቅ ነበር።

አራተኛው ደረጃ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ደረጃው ባዶ ነበር፤ የታች በሮቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ከታች ደግሞ መታጠፊያው ላይ አንድ ጀልባ ብቅ አለ። ከሩቁ ለየችው፤ የማጅ ኦክሌይ የከሰል ጀልባ ነው፤ እስከ አፉ ተጭኖ፣ ውሃው ጠርዙን ሊልሰው ትንሽ ሲቀረው፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣል።

ሕጉን የማያውቅ ሰው ቦዩ ላይ የለም። ባዶ ደረጃ ከታች የሚመጣው ሰው ነው። በሩን ትከፍትለታለህ፣ ትጠብቃለህ፤ እሱ ገብቶ ውሃ ተሞልቶለት ይወጣል፣ አንተ ደግሞ የሞላውን ደረጃ ተቀብለህ ትወርዳለህ። በአንድ ሙሌት ሁለት ጀልባ ያልፋል። ይህን የሚጥስ ሰው ውሃ ሰረቀ ይባላል፤ እዚህ አገር ደግሞ የውሃ ሌባ ከኪስ አውላቂ ያነሰ ነው። የሕጉ ዘበኛ ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን አይሪስ ሃምብሊን ነበረች። አንድ ጊዜ ነጭ ጫማ ያደረገ ባለጸጋ ተራ ሲነጥቅ ይዛው፣ በሕዝብ ፊት ወደ ኋላ እስኪመለስ ድረስ ምላሷን አላሳረፈችም። ሰው ያን ወሬ እስከ ዛሬ ያወራል።

ክላይቭ በሩን ለመግፋት የተዘረጋው ግንድ ላይ ተቀምጦ ለማጅ እጁን ያወዛውዛል።

«ምን ትሠራለህ?» አለችው፣ ጀልባዋን ዳር አስጠግታ እየዘለለች።

«ማጅ ናት። ደረጃው የሷ ነው።»

«ማጅ እዚህ እስክትደርስ ይመሻል። ካየችው ሰው ሁሉ ጋር ሳታወራ መች ታልፋለች? ዝጋው።»

«አይሪስ።»

«ዝጋው አልኩህ።»

«እኔ አልዘጋም» አለ ክላይቭ። ተነስቶም ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመና እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አርባ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ሰው ጥሎ ሄዶ አያውቅም፤ አሁንም አይጀምርም።

አይሪስ መዘውሩን ከቀበቶው መንጭቃ ወሰደች። በሮቹን በጀርባዋ ገፍታ አንድ በአንድ ዘጋች፣ ወደ ላይ ሮጣ መልቀቂያውን ከፈተች። ውሃው እየጮኸ ገባ። ከታች የማጅ ጥሩንባ አንድ ጊዜ ተሰማ፣ ከዚያ ረዘም ብሎ ሁለተኛ ጊዜ። አይሪስ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በልቧ ሁሉንም ታወራርዳለች፤ ዕቃውን ያዘገየውን፣ ቀኑን የቆረጡትን፣ ባለ ኮፍያዎቹን፣ ሎሬይንን፣ ያን ወንበር። ማጅ ሩብ ሰዓት ብትጠብቅ ምን ትሆናለች? ማጅ ባሏን የወሰደባት የለም።

ጀልባዋን አስገብታ ውሃውን ስትለቅቅ ማርጆሪ ዝቅ ብላ፣ የታች በሮቹ ሲከፈቱ፣ የማጅ ጀልባ ከፊቷ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ማጅ ኦክሌይ ወፍራም፣ ፊቷ በከሰል ብናኝ የጠቆረ፣ ሰውን ሁሉ በፍቅር የኔ ዳክዬ የምትል ሴት ናት። አሁን አፏን ገጥማ መሪዋን ይዛ ቆማለች። የተናገረው ሌላ ድምፅ ነው፤ ከታች ከጓዳዋ፣ ከምድጃው አጠገብ።

«ማን ነው ይሄ እናቱ ወረፋ ያላስተማረችው? ማጅ፣ ስሙን ጻፊልኝ። በዚህ ድርቅ ውሃ የሚሰርቅ ሰው እጁ ይቆረጥ ነበር በኛ ጊዜ። ልውጣና መልኩን ልየው።»

ከዚያ አንድ ከዘራ ወጣ፣ ቀጥሎ ሽበታም ራስ። ሬጅ ሃምብሊን ነበር። ፊት ለፊቱ የእናቱን ስም አየ፤ ማርጆሪ፣ በራሱ እጅ የጻፈውን። ከዚያ ሚስቱን አየ።

አይሪስ ጀልባዋን ከደረጃው አውጥታ ከማጅ ጎን አስጠጋች።

«እዚያ ምን ታደርጋለህ?» አለች አይሪስ። ድምፅዋ ቁጣ ነው፤ ሌላ ድምፅ ጠዋቱን ሙሉ ስላልሠራችበት አልነበራትም።

«ልቀበልሽ መጣሁ» አለ ሬጅ። «መቀመጥ ሰለቸኝ። ሎሬይን ወደቡ ላይ አደረሰችኝ፤ ማጅ ወደ ላይ ስትወጣ ይዘሽኝ ውጪ አልኳት። የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች አብሬሽ ልወርድ ነበር።»

«የኔ ዳክዬ» አለች ማጅ አሁን፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «በተራዬ ወጥቼ፣ እዚያ ላይ ጎን ለጎን ቆመን፣ ባልሽን ላሻግርልሽ ነበር። የሞላ ደረጃም ይጠብቅሽ ነበር። አሁንም ውሰጂው። የሚነገርሽን እሱ ይንገርሽ፤ እኔ አፌን አላበላሽም።»

ክላይቭ ከላይ ወርዶ መጣና ሦስት ሆነው ሬጅን አሻገሩት። አይሪስ በብብቱ ይዛ ስታወርደው ቀሎባታል። የሎሬይንን ሳሙና ይሸታል። ያ ሽታ ደሟን እንደገና አፈላው፤ ግን ይዛዋለች፣ ጀልባቸው ላይ ነው፣ የቀሩት ሁለት ደረጃዎች ናቸው፣ ጊዜውም ይበቃል። ሌላው ሁሉ ይለፍ ብላ ሞተሩን አስነሳች።

ሬጅ ከዘራውን ተደግፎ ከጎኗ ቆመ። ማጅ ከኋላቸው ወደ ደረጃው ገባች፣ ክላይቭ ሞላላት፣ ወደ ላይኛው ኩሬ ወጣች። አይሪስ አምስተኛው ደረጃ በር አጠገብ ስትደርስ ጥሩንባው ከላይ ተሰማ። ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ ሲሆን እርዱኝ ነው።

ክላይቭ እያለከለከ ወረደ። «ጭቃ ላይ ተቀመጠች። ከደረጃው ወጥታ ብዙም አልሄደች። ኩሬው ውሃ የለውም።»

የማን ጥፋት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አይሪስ ከዚያው ኩሬ አንድ ሙሌት ያለ ተራዋ ወስዳለች፤ ለጎደለ ኩሬ ያች አንድ ሙሌት ነች ልዩነቷ። ከላይ ካልተለቀቀለት የማጅ ጀልባ ከነከሰሉ እዚያው ይከርማል።

«ኔቪል ያየዋል» አለች አይሪስ። «ጠባቂው እሱ ነው።»

«ኔቪል ታች ብቻውን ነው» አለ ሬጅ።

«ሬጅ፣ ሁለት ደረጃ ነው የቀረን። ሁለት።»

«ማጅ የጫነችው ከሰል የማን ነው?»

ታውቃለች። ከዋሻው ማዶ ተሰልፈው የሚከርሙት ጀልባዎች ሁሉ ነው፤ መንገድ የማይደርስባቸው፣ ደረጃዎቹ ከተዘጉ በኋላ ከማጅ በቀር ማንም የማያሞቃቸው አሮጊትና ሽማግሌዎች። ትናንት አብራቸው ነበረች።

«ምናቸው ነኝ እኔ?» አለች። «አንተ ሆስፒታል ስትተኛ ከነሱ ማን መጣ?»

«ሁሉም መጡ።»

አይሪስ የባሰ ተናደደች። «እሺ፣ ክላይቭ ይሂድ።»

«ክላይቭ አውቶቡስ ነጂ ነው። ከላይ የሚለቅ አንድ ሰው፣ ከታች የሚዘጋ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚለቀው ሰው ደግሞ ስንት እንደሚለቅ ማወቅ አለበት። አለዚያ የሰው ጓሮ ያጥለቀልቃል። ማጅ ጀልባዋን ትታ አትወርድም። እኔን ይኸው ታዪኛለሽ።» ከዘራውን ከፍ አድርጎ አሳያት።

«በዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል። ከተዘጋ ሎሬይን ናት። ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

«አይገባህም። ሾርባዋ ጥሞሃል አንተ። ወንበሩ ተመችቶሃል።»

«ወንበሩ በጣም ይመቻል» አለ ሬጅ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋው፤ መዘውሩን ከጣሪያው ላይ አነሳና በእጀታው በኩል ወደ እሷ አቀናው።

በትዳራቸው ውስጥ ይህን ያህል ጠልታው አታውቅም። መዘውሩን ተቀብላ፣ ጀልባዋን አስራ፣ ዳገቱን ወጣች። ክላይቭ መልቀቂያውን ሊከፍትና ሊዘጋ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀረ፤ በቂ ሲሆን ኮፍያውን እንዲያውለበልብ ነገረችው። እሷ እስከ አንደኛው፣ እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ወጣች። የአንደኛውን ላይኛ መልቀቂያ ከፈተች፣ ታችኛውን ከፈተች፣ ወረደች፣ ሁለተኛውን በግማሽ ብቻ ከፈተች፤ እዚያ አጠገብ ጎመን የተተከለበት ጓሮ አለ። ውሃው በደረጃዎቹ ውስጥ እየተገለበጠ ወረደ። ይህን ሥራ ሬጅ ነው ያስተማራት፣ በሙሽርነቷ፣ በበረዶ። ስንት እንደሚለቀቅ በጆሮ ነው የሚታወቀው። አሁን ጆሮዋ ውስጥ የምትሰማው የራሷን ደም ነበር፤ ቢሆንም እጇ አልተሳሳተም።

ኩሬው ለመሙላት ጊዜውን ወሰደ። ንዴት ውሃን አያፈጥንም። የማጅ ጀልባ መጀመሪያ ጎኗን አነቃነቀች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ከጭቃው ተላቀቀች። ክላይቭ ኮፍያውን አውለበለበ። ማጅ በሦስተኛው ደረጃ አልፋ፣ አይሪስ ወደ ቆመችበት ወደ ሁለተኛው ስትደርስ፣ ገመዷን ወርውራላት አየቻት።

«ቆሻሻ ሥራ ነው የሠራሽው» አለች ማጅ።

«አውቃለሁ።»

«መመለስሽን ግን አይቻለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁለቱንም እናገራለሁ።» ከዚያ ወደ ዋሻው ሄደች፣ የኔ ዳክዬ ሳትላት።

አይሪስ ስትወርድ ኔቪልን፣ የደረጃዎቹን ጠባቂ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከጀልባዋ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። የአምስተኛው ደረጃ በር በሰንሰለት ተቆልፏል። «ከሰዓቱ አሳልፌ ጠበቅኩሽ» አላት። «ሠራተኞቹ ግን ታችኛውን ደረጃ ማድረቅ ጀምረዋል። ሙሉ በሙሉ ጎድሏል።»

ያን ጊዜ አይሪስ የቀረውን ንዴቷን ሁሉ አወጣችበት። ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለ ቀኑ፣ በቢሮ ተቀምጠው ቀን ስለሚቆርጡ ሰዎች፣ ስለ አያቱ እንኳ ሳይቀር። ኔቪል ሰምቶ ጨረሰ። ምንም አላጠፋም፣ እሷም ታውቃለች።

ሎሬይን መጣች። ወደቡ ላይ ጠብቃ ጠብቃ፣ መኪናዋን ድልድዩ ጋ አቁማ፣ ቤት ውስጥ በሚደረግ ጫማዋ በቦዩ ዳር ጭቃውን እየረገጠች ወጥታለች። አባቷ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘርግቷል፤ ቁርጭምጭሚቱ ከጫማው በላይ አብጦ ገንፍሏል። ጀልባዋ የቆመችው ሁለት እርሻ መካከል ነው፤ እስከ ድልድዩ ቀጭን የጭቃ መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ መኪና። ነርስ እዚህ አትመጣም። እዚህ ቦታ የታመመ ሰው አይከርምም።

«እማ፣ አንቺም ነይ» አለች ሎሬይን። «መኝታ አለ።»

«ማን ገመዱን ያላላል? ውሃው ሌሊቱን ይወርዳል፤ ካልላላ ጀልባዋ ተንጠልጥላ ታድራለች።» እውነት ነው። ግን ኔቪል ሊያላላው ይችል ነበር፣ ክላይቭም ይችል ነበር። አይሪስ እሺ ማለት አልሆነላትም፤ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ሲል የዋለ አፏ አልታጠፍ አላት።

ክላይቭና ኔቪል ሬጅን በብብቱ ይዘው እስከ ድልድዩ አደረሱት። አይሪስ መዘውሩን እንደጨበጠች ከኋላ ተከተለች። ሎሬይን አባቷን የፊቱ ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀበቶውን አሰረችለት። ሬጅ መስታወቱን አወረደ።

«ወርደን ቢሆን ኖሮ ዛሬ የራሴ አልጋ ላይ ነበርኩ» አላት። «ይገባኛል ያልኩሽ ይሄ ነው።»

«ታዲያ ለምን? ለማጅ ከሰል ብለህ?»

«ለማጅ አይደለም። በሚመጣው ዓመት ቦዩ ላይ አንቺን ሲያይ ፊቱን የሚያዞር እንጂ በር የሚከፍት ሰው አይኖርም ነበር። አንቺ ደግሞ ከዚህ ውሃ ሌላ ቦታ የለሽም። እኔ ከሌለሁ ማን ይከፍትልሻል?»

«ከሌለሁ ማለት ምን ማለት ነው?»

ሬጅ ያበጠ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አመቻቸና ወደ ፊት ተመለከተ። ሎሬይን ሞተሩን አስነሳች።

«ሬጅ፣ ከሌለሁ ማለት ምን ማለት ነው አልኩህ?»

መኪናው ድልድዩን ተሻግሮ በአጥሩ ጥግ ታጠፈ። አይሪስ መንገዱ መሀል ቆማ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለራሷ ጠየቀች። ክላይቭ ቀረብ ብሎ መዘውሩን ከእጇ ሊቀበላት ሞከረ፤ አልሰጠችውም።